ነገርን ከሥሩ፣ ዜናን ከምንጩ

አዳማ የሚኖሩ አንዲት አክስት አሉኝ፡፡ የሚያገኟት የጡረታ አበል ከወር ወር ስለማታደርሳቸው በግቢያቸው ውስጥ ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ቤቶች አከራይተው ኑሯቸውን ይደጉማሉ፡፡ በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ገና በረቂቅ ላይ በነበረበት ሰሞን አንድ ምሽት ደወሉልኝ፡፡ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ኪራይ መጨመርም ሆነ ተከራይ ማስወጣት ጨርሶ አይቻልም የሚል ሕግ ወጥቷል እያሉ ነው፡፡ አንተ የሕግ ሰው ነህ፣ እውነት ነው እንዴ?» አሉኝ፡፡ «ቆይ ልይና ልደውልልዎት» ብዬ ስልኬን መፈተሽ ጀመርኩ፡፡ ወሬው በሦስት የቴሌግራም ቻናሎች ላይ ተለጥፏል፡፡ ሦስት ቦታ የተጻፈ ነገር ምን ያጠራጥራል? መልሼ ደወልኩና «አዎ፣ እውነት ነው፤ እኔም ሦስት ቦታ አይቼዋለሁ» አልኳቸው፡፡

አክስቴ ውለው አላደሩም፡፡ ከሁለቱ ቤቶች በአንደኛው የምትኖረው ሕፃን ልጅ ያላት ነርስ ነበረች፡፡ የምትከፍለው ኪራይ ከአካባቢው ዋጋ ዝቅ ያለ ስለነበር፣ አክስቴ «ሕጉ እጄን ሳያስረኝ» ብለው በአሥር ቀን ውስጥ እንድትለቅ ነገሯት፡፡ ልጅቷም ብትለምን አልሆን ስላላት ዕቃዋን ጭና፣ ልጇን አዝላ፣ ከከተማው ዳር ወዳገኘችው ቤት ሄደች፡፡

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ረቂቁን ራሱን አግኝቼ ሳነበው አፈርኩ፡፡ አንደኛ፣ ወጣ የተባለው ሕግ ገና ሕግ አልሆነም፡፡ ሁለተኛ፣ ኋላ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተብሎ የወጣው ሕግም ቢሆን ጭማሪን ጨርሶ የሚከለክል አልሆነም፡፡ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲሆን ነው የደነገገው፡፡ ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው ግን የራሴ ጥፋት ነው፡፡ እነዚያን ሦስት ቻናሎች ጎን ለጎን አድርጌ ሳነብ ጽሑፉ ቃል በቃል አንድ ሆኖ አገኘሁት፡፡ አንዲት የፊደል ግድፈት እንኳ ሳትታረም ከአንዱ ወደ ሌላው ተገልብጣለች፡፡ ሦስት ምንጭ አየሁ ያልኩት አንድ ምንጭ ኖሯል፡፡ እሱም ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፡፡

አክስቴ አልተቆጡኝም፡፡ «አንተ ካልከኝ ብዬ ነው እኮ» ብቻ ነው ያሉት፡፡ ከቁጣ ይልቅ ይህች ቃል ከበደችኝ፡፡ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳችኝም እሷው ናት፡፡

«ለመሆኑ ማንን እንመን?» የሚለው ጥያቄ በአሁኑ ጊዜ በየቢሮው፣ በየለቅሶ ቤቱና በየታክሲው የሚነሳ ነው፡፡ ጠያቂዎቹም የተማሩና በየሙያቸው የተከበሩ ሰዎች ናቸው፡፡ ብዙዎቹ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፡፡ ከማንም ያልወገነ፣ የማንንም እጅ የማይጠብቅ፣ ከፍተው ብቻ የሚያምኑት አንድ ጋዜጣ ወይም አንድ ጣቢያ እንዲጠቆምላቸው ይሻሉ፡፡ በእኔ እምነት ይህ ምኞት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከሚለው ተረት የሚለይ አይደለም፡፡ እንዲህ ያለ ምንጭ ትናንት አልነበረም፣ ዛሬም የለም፣ ነገም አይኖርም፡፡

ምኞቱ ሳይሳካ ሲቀር ደግሞ ሰው ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፡፡ «ተወኝ ወዳጄ፣ ሁሉም ውሸታም ነው» ይላል፡፡ ይህ አባባል ብልህነት ይመስላል፤ ሆኖም አደጋው ከመጀመሪያው የባሰ ነው፡፡ ሁሉም ይዋሻል ብሎ የደመደመ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያምነው ደስ የሚለውን ነው፡፡ እውነቱን ከሐሰቱ መለየት ትቶ የወገኑን ወሬ ከባላንጣው ወሬ ወደ መለየት ይገባል፡፡

እኔ በሙያዬ የሕግ ሰው እንደመሆኔ መጠን ነገሩን ከፍርድ ቤት ጋር ማነጻጸር ይቀናኛል፡፡ ፍርድ ቤት ውስጥ ከሁለቱም ወገን የራቀ ምስክር ማግኘት ብርቅ ነው፡፡ ከሳሽ የራሱን ምስክሮች ይዞ ይመጣል፤ ተከሳሽም የራሱን፡፡ አንዱ የአንዱ ጎረቤት፣ ሌላው የሌላው የሥራ ባልደረባ ነው፡፡ ዳኛው ግን «ሁላችሁም ወገንተኛ ናችሁና ሂዱ» ብሎ ችሎቱን አይዘጋም፡፡ በእነዚሁ ሰዎች ቃል ላይ ተመሥርቶ ይወስናል፡፡ ይህን ማድረግ የሚችለው ምስክሩን ስለሚጠይቀው ነው፡፡ በአገራችን እንኳ ዘመናዊው ሕግ ከመምጣቱ በፊት «ተጠየቅ» የሚባለው የሙግት ሥርዓት ይኸው ነበር፡፡ ባላጋራውን ፊት ለፊት አቁሞ መጠየቅ!

ስለዚህ የዜና ተጠቃሚ የሆነ ሁሉ ማንን ልመን ከማለት ይልቅ፣ የነገረኝን ሰው ምን ብዬ ልጠይቀው ማለት ይጠበቅበታል፡፡ እኔ ከአክስቴ ነገር ወዲህ ለራሴ የማነሳቸውን ጥያቄዎች በየተራ ላቅርብ፡፡

የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት አወቀ?» የሚለው ነው፡፡ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በአንቀጽ 137 ላይ፣ ለምስክር የሚቀርበው ዋና ጥያቄ ምስክሩ በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ በሚያውቀው ፍሬ ነገር ላይ ብቻ መሆን እንዳለበት ይናገራል፡፡ እዚህ ላይ ልብ ይባልልኝ፡፡ ሕጋችን የስሚ ስሚን በጅምላ አልጣለም፤ «በተዘዋዋሪ» የሚለውን ቃል አስገብቷል፡፡ ይሁን እንጂ በዓይኑ ያየውና ከሌላ ሰው የሰማው እኩል አይመዘኑም፡፡ ዜናም እንዲሁ ነው፡፡ ዘጋቢው ቦታው ላይ ነበር? ካልነበረ ማንን ጠየቀ? የጠየቀው ሰውስ ቦታው ላይ ነበር? «ታማኝ ምንጮች እንደገለጹት» ብሎ የሚጀምር ዜና ሁሉ ሐሰት ነው አልልም፡፡ ስሙ ቢገለጽ የሚጎዳ ምንጭ አለና፡፡ ነገር ግን ጥሩ ዘጋቢ ስሙን ባይገልጽ እንኳ ሰውየው ነገሩን ለማወቅ የሚያስችል ቦታ ላይ እንዳለ ይጠቁመናል፡፡ «በስብሰባው ላይ የተገኙ አንድ የሥራ ኃላፊ» ማለትና «ምንጮቻችን» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፡፡

የዚህን ጥያቄ ክብደት ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በሚገባ አይተነዋል፡፡ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ጋዜጠኞች እንደ ልባቸው መግባት በማይችሉበት በዚያ ጊዜ፣ ስለ ጦር ሜዳው ውሎ በየሰዓቱ የሚዘግቡ ሰዎች አልጠፉም ነበር፡፡ ከፊሎቹ አዲስ አበባ፣ ከፊሎቹ ዋሽንግተን፣ ከፊሎቹም አውሮፓ ተቀምጠው ነው፡፡ ቦታው ላይ ያለው ሰው ድምፁ በታፈነበት ወቅት ከቦታው የራቀው ሰው ድምፁ ከፍ አለ፡፡ በዚያን ጊዜ «ይህን ከገለልተኛ ወገን ማረጋገጥ አልቻልንም» የሚል ሐረግ ይጨምሩ የነበሩ ዘገባዎች ለብዙዎቻችን ደካማ ይመስሉን ነበር፡፡ አሁን ሳስበው ግን የሚያውቁትንና የማያውቁትን ለይተው የነገሩን እነሱ ናቸው፡፡

ሁለተኛው ጥያቄ «ምስክሮቹ በእርግጥ ስንት ናቸው?» የሚለው ነው፡፡ እኔ የወደቅኩት በዚህ ነው፡፡ አሥር ሰዎች ችሎት ቀርበው «ከአቶ እገሌ ሰማን» ቢሉ አሥር ምስክሮች አይባሉም፡፡ አንድ አቶ እገሌና አሥር አስተጋቢዎች ናቸው፡፡ በአሁኑ ጊዜ የምናነበው ዜና አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፡፡ አንድ መሥሪያ ቤት መግለጫ ያወጣል፤ የዜና አገልግሎት ይቀበለዋል፤ ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ድረ ገጹና የቴሌግራም ቻናሉ ይደጋግሙታል፡፡ በውጭ አገርም ቢሆን ሮይተርስ ወይም አሶሺየትድ ፕሬስ የላከው አንድ ዜና በመቶ ጋዜጦች ላይ ይታተማል፡፡ ይህ በራሱ ነውር የለውም፡፡ ነውሩ መቶ ጊዜ ስላየነው መቶ ጊዜ የተረጋገጠ አድርገን መውሰዳችን ነው፡፡ ስለዚህ ሁለት ዘገባዎችን ሳነብ የምፈልገው ልዩነታቸውን ነው፡፡ አንደኛው ሌላው ያላነጋገረውን ሰው አነጋግሯል? ሌላው ያላየውን ሰነድ አይቷል? እንዲያ ከሆነ ሁለት ምስክር አለኝ ማለት እችላለሁ፡፡

ሦስተኛው ጥያቄ «ቁጥሩ የምን ቁጥር ነው?» የሚል ነው፡፡ ቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ባጋጠመ ችግር፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ የቻሉበትን አጋጣሚ አንባቢ አይዘነጋውም፡፡ በዚያው ሰሞን 2.4 ቢሊዮን ብር የሚል ቁጥር ተሰማ፡፡ በአገር ውስጥም በውጭም ብዙዎች ቁጥሩን ይህን ያህል ገንዘብ ተወሰደ ብለው ዘገቡት፡፡ ቁጥሩ ከባዶ የተፈጠረ አልነበረም፡፡ ነገር ግን በእነዚያ ሰዓታት የተደረገው ጠቅላላ የገንዘብ እንቅስቃሴ እንጂ ያላግባብ የወጣው ገንዘብ መጠን አልነበረም፡፡ በሕጋዊ መንገድ የራሱን ገንዘብ ያንቀሳቀሰውም ደንበኛ በውስጡ ተደምሯል፡፡ ባንኩ ሒሳቡን አጣርቶ በዚያው ወር ሲገልጽ ያላግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን፣ ከዚህም ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ መመለሱን አስታወቀ፡፡ በመጀመሪያው ወሬና በኋለኛው ሒሳብ መካከል የሦስት እጥፍ ልዩነት አለ ማለት ነው፡፡ ዛሬም ድረስ ግን ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው፡፡ «ካፍ የወጣ አፋፍ» ይሏል ይህ ነው፡፡

አራተኛው ጥያቄ «የሚናገረው ሰው ምን ይጠቀማል፣ ምንስ ይጎዳል?» የሚለው ነው፡፡ ዳኛ የራሱ ጥቅም ባለበት ጉዳይ ላይ አይቀመጥም፤ ይነሳል፡፡ ምስክር ግን ጥቅም ስላለው ብቻ አይባረርም፡፡ ጥቅሙ ታውቆ ቃሉ ይመዘናል እንጂ፡፡ በመንግሥት ወጪ የሚተዳደር መገናኛ ብዙኃን የከፋዩን ፊት ማየቱ አይቀርም፡፡ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዘዘው ይህን ሥጋት ስላወቀ ነው፡፡ ትእዛዙ ምን ያህል እንደተፈጸመ አንባቢ ይፍረድ፡፡ የግሉ ጋዜጣ በበኩሉ ማስታወቂያ አስነጋሪው እንዳይቀየመው ይሠጋል፡፡ የዩቲዩብ ባለቤት የሚከፈለው በተመልካች ብዛት ነውና ርዕሱ ከውስጡ የጮኸ ቢሆን አያስደንቅም፡፡ የውጭ ጣቢያዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም፡፡ የአሜሪካ ድምፅ በአሜሪካ መንግሥት፣ ዶይቸ ቬለ በጀርመን መንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ናቸው፡፡ የአሜሪካ መንግሥት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. አብዛኞቹን የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች በግዴታ ፈቃድ ከሥራ ባስወጣ ጊዜ፣ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሰማ የኖረው የአማርኛ ክፍልም የዚያ እጣ ደርሶታል፡፡ ጣቢያን የሚከፍለው ሊዘጋውም እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም፡፡

ነገር ግን ጥቅም ያለው ሁሉ ይዋሻል ማለት አይደለም፡፡ እንዲያውም በሕግ ሰዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ቁም ነገር አለ፡፡ ሰው በራሱ ጥቅም ላይ የሚናገረው ቃል ከሁሉም በላይ ይመዝናል፡፡ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ያኔ ናዝሬት በምንላት አዳማ፣ ከአባቴ ጋር ሬዲዮ ከበን ተቀምጠን ነበር፡፡ ለዓመታት የመንግሥቱን ድል ብቻ ሲነግረን የኖረው የኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለማርያም ሥልጣናቸውን ለቀው ከአገር መውጣታቸውን ተናገረ፡፡ ያንን ሬዲዮ አባቴ ለዓመታት ሲጠራጠረው ኖሯል፡፡ በዚያን ቀን ግን አንዲት ቃል አልተጠራጠረም፡፡ «ይህንን የሚደብቅበት ምክንያት ነበረው፤ ከተናገረው ግን እውነት ነው» አለኝ፡፡ አባቴ አስተማሪ እንጂ የሕግ ሰው አልነበረም፡፡ ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ በሕግ ትምህርት ቤት የተማርኩትን የማስረጃ ምዘና በዚያች ቃል ቀድሞ አስተምሮኛል፡፡ ዛሬም የመንግሥት ጣቢያ ስህተቱን ሲያምን፣ ወይም መንግሥትን በመንቀፍ የሚታወቅ ሚዲያ የመንግሥትን በጎ ሥራ ሲመሰክር ጆሮዬን አቀናለሁ፡፡

አምስተኛው ጥያቄ «ምን ተቆርጦ ቀረ?» የሚለው ነው፡፡ የዚህ ትልቁ ምሳሌ በታሪካችን ውስጥ አለ፡፡ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም ሠርቶ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ፡፡ ፊልሙ ተደብቆ የነበረን እልቂት ለዓለም የገለጠ ታላቅ ሥራ ነው፡፡ ደርግ ይህንኑ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው፡፡ ሲያቀርበው ግን በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ እያስገባ ነው፡፡ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፡፡ እዚህ ላይ በግልጽ መናገር የምፈልገው ነገር አለ፡፡ ረሃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር፤ የረሃቡ መደበቅም ይቅር የማይባል በደል ነበር፡፡ ይሁንና እያንዳንዱ ምስል እውነት ሆኖ ሳለ አቀጣጠሉ ሌላ ሥራ እንዲሠራ ተደርጓል፡፡ ተመልካቹ በማግስቱ ለሚሆነው ነገር በዚያች ሌሊት ልቡ ተዘጋጅቷል፡፡

ያን ጊዜ ይህን ለማድረግ የቴሌቪዥን ጣቢያ በእጅ ማድረግ ያስፈልግ ነበር፡፡ ዛሬ ግን ማንኛውም ወጣት በእጅ ስልኩ ያደርገዋል፡፡ የሁለት ሰዓት ንግግር በሠላሳ ሴኮንድ ተቆርጦ ይቀርባል፡፡ ከአምስት ዓመት በፊት የተነሳ ፎቶግራፍ የዛሬ ተብሎ ይለጠፋል፡፡ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ ሰውየው ያልተናገረውን በራሱ ድምፅ እንዲናገር ማድረግ ተችሏል፡፡ እንግዲህ «በዓይኔ አየሁት፣ በጆሮዬ ሰማሁት» የሚለው የመጨረሻ ማስረጃችን ራሱ ተጠየቅ ሊባል ነው፡፡ መፍትሔው ሙሉውን መፈለግ ነው፡፡ ንግግሩ የት፣ መቼ፣ ከምን ቃል ቀጥሎ ተነገረ? ሙሉውን ያላቀረበ ሰው ሙሉው የት እንደሚገኝ ሊጠቁመን ይገባል፡፡ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክን የመሰሉ መረጃ አጣሪዎች ባለፉት ዓመታት ሲሠሩ የቆዩት ሥራ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፡፡ ፎቶውን ወደ መጀመሪያ ቦታውና ቀኑ መመለስ፡፡

ስድስተኛው ጥያቄ «ሲሳሳት ምን ያደርጋል?» የሚል ነው፡፡ ስህተት የማይሠራ ጋዜጣ የለም፡፡ በዚህ አምድ ላይ እኔም ተሳስቼ አንባቢ አርሞኛል፡፡ ሕጋችንም በዘገባ ስሙ ያላግባብ የተነሳ ሰው መልስ የመስጠት መብት እንዳለው አውቋል፡፡ አንድን ሚዲያ ለመመዘን የምጠቀምበት ቀላል ዘዴ አለኝ፡፡ እርምቱን የት እንደሚያትም አያለሁ፡፡ ስህተቱን በሠራበት ቦታ፣ ምን ብሎ እንደነበርና ትክክለኛው ምን እንደሆነ ገልጾ የሚያርም ከሆነ በሌላም ነገሩ እንዳምነው ይረዳኛል፡፡ የሳተውን ጽሑፍ በዝምታ አጥፍቶ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀጥል ከሆነ ግን፣ ነገ እኔን አሳስቶኝም እንዲሁ ዝም እንደሚል አውቃለሁ፡፡

ሰባተኛውና የመጨረሻው ጥያቄ «ሰነዱ የት አለ?» የሚለው ነው፡፡ አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ነው፡፡ በቀድሞው ዘመን አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት እየተጎሰመ፣ ሕዝብ ገበያ መሀል ቆሞ እየሰማ ነበር፡፡ አዋጅ ነጋሪውም «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላል፡፡ ሕግ የሚታተምበት ነጋሪት ጋዜጣ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፡፡ የአንድ አዋጅ ጉዞ የታወቀ ነው፡፡ ረቂቁ ይዘጋጃል፤ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ተወያይቶ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይመራዋል፤ ምክር ቤቱ አይቶ ያጸድቀዋል፤ በመጨረሻም በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ይወጣል፡፡ «ቀረበ»፣ «ተመራ»፣ «ጸደቀ»፣ «ታተመ» የሚሉት አራት ቃላት አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፡፡ የአክስቴ ተከራይ ከቤቷ የወጣችው እኔ የመጀመሪያውን ቃል እንደ መጨረሻው ስላነበብኩት ነው፡፡

ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ላይ የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሎ ሲጸድቅ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፡፡ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ደግሞ 35 በመቶ ይከፈላል፡፡ ይህን ለማወቅ የማንም ተንታኝ ትርጉም አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ የማይሞላ ሰንጠረዥ ነው፡፡ የተማረ ሰው የደመወዙን ግብር ከሰንጠረዡ ላይ ሳያይ ከአምስት ተንታኞች ሲሰማ መዋሉ ያስገርመኛል፡፡ ሰነዱ በድረ ገጽ ካልተገኘም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ለማንኛውም ሰው ተሰጥቷል፡፡ የአዋጁን አፈጻጸም የሚከታተለውም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው፡፡ መብቱን ስንቶቻችን ተጠቅመንበት እናውቃለን? ቢሮክራሲው ያሰለቻል፤ አውቃለሁ፡፡ ነገር ግን ማንም የማይጠይቀው መብት ውሎ አድሮ ይዝጋል፡፡

እስከ አሁን የተናገርኩት ስለ አንባቢ ነው፡፡ አሁን ግን አንባቢ ብቻ ሆኖ የቀረ ሰው የለም፡፡ ሁላችንም አስተላላፊዎች ሆነናል፡፡ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃን ሲተረጉም፣ አሰራጪው ሐሰትነቱን እያወቀ ብቻ ሳይሆን «ማወቅ ሲገባው» ያሰራጨውንም፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ እስከሆነ ድረስ ይጨምራል፡፡ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲፈጸም ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል፡፡ እኔ በበኩሌ የወንጀል ሕግ ለዚህ በሽታ ዋና መድኃኒት ነው ብዬ አላምንም፡፡ እውነት የትኛው እንደሆነ ዐቃቤ ሕግ ብቻ የሚወስንበት አገር የሚያጣው ነገር ይበዛል፡፡ ጋዜጠኛም ተቺም በአንድ መረብ ሊጠመዱ ይችላሉ፡፡ ሆኖም «ማወቅ ሲገባው» የምትለዋ ሐረግ ከእስር ቤት ውጭም ለእያንዳንዳችን ኅሊና የተጻፈች ይመስለኛል፡፡ እኔ ወሬውን ለአክስቴ ሳረጋግጥላቸው ሐሰት መሆኑን አላወቅኩም፡፡ ማወቅ ግን ይገባኝ ነበር፡፡ ሐኪም ስለ መድኃኒት፣ መሐንዲስ ስለ ሕንፃ፣ የባንክ ባለሙያ ስለ ብር የሚያስተላልፈው ወሬ የተራ ሰው ወሬ አይደለም፡፡ ተቀባዩ የሚያምነው ቻናሉን ሳይሆን ባለሙያውን ነው፡፡

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጥያቄ ለየአንዳንዱ ዜና ማንሳት ጊዜ ይበላል የሚል አንባቢ አይጠፋም፡፡ እውነት ነው፡፡ ለዚህም ነው ሁሉንም ዜና መከታተል የተውኩት፡፡ ገንዘቤን፣ ቤቴን፣ ጤናዬን፣ የልጆቼን ትምህርትና የአገሬን ሰላም የሚነኩትን እጠይቃለሁ፤ ሌላውን አሳልፋለሁ፡፡ ለእነዚህም ቢሆን ከሁለት ተቃራኒ ወገኖች አንዳንድ ዘገባ፣ ሰነዱ ካለ ሰነዱን አነባለሁ፡፡ ከዚያም አሳድረዋለሁ፡፡ ይህን የማሳደር ነገር የወረስኩት ከአባቴ ነው፡፡ በደርግ ዘመን ማታ ማታ የኢትዮጵያን ሬዲዮ ይሰማና ድምፁን ቀንሶ ደግሞ የጀርመንን ድምፅና የአሜሪካን ድምፅ ያዳምጥ ነበር፡፡ ሲጨርስም «የተስማሙበትን ያዝ፣ የተለያዩበትን አሳድር» ይለኛል፡፡ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ተረት በተግባር መተርጎሙ ነበር፡፡ አንድ ሌሊት ብታድር የምትበላሽ ዜና፣ ከመጀመሪያውም የምትታመን አልነበረችም፡፡

አንድ ነገር ልጨምር፡፡ ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ሁለቱንም ወገን አነጋግሮ፣ ሰነድ አገላብጦ የሚጽፍ ዘጋቢ ደመወዝ ይፈልጋል፣ የትራንስፖርት ይፈልጋል፣ ጋዜጣውም ወረቀትና ማተሚያ ይፈልጋል፡፡ ወሬን መገልበጥ ግን በነፃ ነው፡፡ ለማኪያቶ የማንሳሳ ሰዎች ለጋዜጣ ከሳሳን፣ በነፃ የምናገኘው የተገለበጠውን ብቻ ይሆናል፡፡ ከዚያ በኋላ ማንን እንመን ብሎ ማማረር የራስን ሥራ በሌላ ማላከክ ነው፡፡

ያቺን ነርስ አግኝቼ ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፡፡ ስልኳ ተቀይሮ ኖሮ አልተሳካልኝም፡፡ አክስቴ ግን አሁንም ይደውላሉ፡፡ በቅርቡም «ልጄ፣ ብሩ እንደገና ሊቀየር ነው ይላሉ፤ በእጄ ያለችውን ምን ላድርጋት?» አሉኝ፡፡ ብር የተቀየረው መስከረም 2013 ዓ.ም. መሆኑን፣ ያን ጊዜም ብሔራዊ ባንክ በይፋ አስታውቆና የመለወጫ ጊዜ ሰጥቶ እንደነበር አስታወስኳቸውና «እስከ ነገ ይስጡኝ፤ የባንኩን መግለጫ አይቼ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው፡፡ ባየው እንዲህ ያለ መግለጫ አልነበረም፡፡ በማግስቱ ስደውልላቸው አንድ አፍታ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ያኔም እስከ ነገ ብትለኝ ኖሮ» አሉኝ፡፡

የምመልሰው አልነበረኝም፡፡

ቸር ያሰማን!